የአማቴ ብሎኖች

እኔ የነካሁት ብረት ያበራል። ያጋነንኩ የሚመስለው ሰው ካለ ሥራዬን ያላየ ነው። ኒኬል ያለበስኩትን የበር እጀታ የጨበጠ ሰው በሩን ከመክፈቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ያያል። አንድ ጊዜ ባበራሁት የመኪና መከላከያ ላይ አንዲት ቁራ ከገዛ መልኳ ጋር ስትጣላ ውላ፣ ሲመሽ ተሸንፋ ሄዳለች። ባለመኪናው ምስክሬ ነው፤ ባይመሰክርም ምስክሬ ነው። በሰፈሩ «መስታወት» ይሉኛል። በትክክለኛ ስሜ የምትጠራኝ ሚስቴ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ።

ሥራው ለሚያውቀው ቀላል፣ ለማያውቀው አስማት ነው። ዝገቱን አሲድ ገንዳ ውስጥ ነክሬ አስለቅቃለሁ። ከዚያ ብረቱን አጥቤ በኒኬሉ ገንዳ ውስጥ፣ ከኤሌክትሪኩ ኔጋቲቭ ሽቦ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ የማይታየው ኒኬል ፖዘቲቭ ነውና ወደ ኔጋቲቩ ይሮጣል፤ ብረቱ ላይ እየተለጠፈ ያለብሰዋል። በዚህ ሁሉ መሃል ከብረቱ ላይ ደቃቅ አረፋ ይነሳል። ያንን አረፋ ፀጉሬ እስኪሸብት ሳየው ኖሬያለሁ፤ ከሚፈላ ድስት አረፋ አብልጬ አስቤለት ግን አላውቅም። ሃይድሮጂን እንደሚባል አውቃለሁ፣ ክብሪት እንደማይጠጋው አውቃለሁ፣ በቃ።

ነገሩ የመጣው በአማቴ በኩል ነው።

አማቴ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ ሴት ናቸው። የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ሐኪም ቤት ከርመው፣ በቃሬዛ ወደ ቤታቸው ከወጡ ወዲህ መሬት ረግጠው አያውቁም። በምርኩዝ ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳሉ፤ ደረጃው ግን ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ ለእሳቸው አይሆንም። ተሸክመን እናውርድዎ ስንላቸው «እኔ ቁም ሣጥን ነኝ?» ብለው ይቆጣሉ። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ወጥቼ፣ «ምን ይምጣልዎ እማማ?» አልኳቸው።

«ፊት» አሉኝ።

«የምን ፊት?»

«የሰው ፊት ነዋ! ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ አናት ብቻ ነው። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ በመላጣው ለይቼ ጨረስኩ። ወርጄ በሩ ላይ ቆሜ፣ ከፊት ለፊቴ የሚመጣ ሰው ማየት እፈልጋለሁ። ሳልሞት!»

ሌላ አማች ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር። እኔ ግን ተነስቼ ቆምኩ። «እማማ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «በሚመጣው እሑድ መሬት ላይ ነዎት። እንደ ንግሥት ነው የማወርድዎ። የአገሩ ነገሥታት ሰምተው ይቀናሉ።»

የሕንፃው ደረጃ የሚዞረው አንድ ባዶ ጉድጓድ ዙሪያ ነው፤ አሳንሰር ይገባበታል ተብሎ የተተወ፣ አሳንሰሩ ሳይመጣ የቀረ። ታላቅ ወንድሜ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ መንጋጋ ጥርስ በመከራ ነው፤ እጁ ግን ይናገራል። ወስጄ ጉድጓዱን አሳየሁት። ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፣ አፍንጫውን አከከ።

«ይሆናል» አለ። ለእሱ ይሄ ትልቅ ንግግር ነው።

መደገፊያ ያለው የብረት ወንበር በየደ፣ ቀበቶ አበጀለት፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ፍሬን ያለው የገመድ መጠቅለያ ዊንች ተከለ። ወንበሩን የሚይዘው የሽቦ ገመድ፣ ካቦው፣ የሚያልፍበት መዘውር ጣሪያው ሥር ካለው የብረት ወጋግራ ላይ በአራት ብሎን ይታሠራል። ብሎኖቹ ከትልቅ መኪና ሞተር የተረፉ፣ ድርቅ ካለ ብረት የተሠሩ፣ ዝገት የበላቸው ነበሩ፤ ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ዝገቱን አስለቅቅ። ሌላ አትነካካው» አለኝ።

«እንዴ! አማቴ በጥቁር ብሎን ሊንጠለጠሉ?»

«ብሎን ነው።»

«ለአንተ ብሎን ነው። ለእኔ ስሜ ነው!»

ብሎኖቹን አሲዱ ውስጥ ከማታ እስከ ጠዋት ዘፈዘፍኳቸው፤ ቅንጣት ጥቁር እንዳይቀር ብዬ። ከዚያ ወፍራም ኒኬል አለበስኳቸው። ሥራዬ ሁሌም የበር እጀታ፣ ቧንቧ፣ የወንበር እግር፣ የመኪና መከላከያ ነበር፤ ሁሉም ለስለስ ያለ ብረትና ነሐስ። እንዲህ የደረቀ ብረት ገንዳዬ ገብቶ አያውቅም። ግን ምን ቸገረኝ? ሲወጡ አራት ጨረቃ ነበሩ። ሚስቴ እንኳ፣ እኔን ማድነቅ የተወች ሴት፣ «ቆንጆ ናቸው» አለች።

እሑድ ጠዋት የሕንፃው ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ነበር። ወንድሜ ወንበሩ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ከመረ፤ አማቴን ሦስት ጊዜ የሚበልጥ ክብደት። ወንበሩን ባዶው ላይ ገፋው። ካቦው ተወጠረ፣ ብሎኖቼ አበሩ፣ ምንም የለም። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። አማቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከጓዳ የወጣ አዲስ ጫማ ተጫምተው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«በቃ አሸዋውን አውጡና አስገቡኝ» አሉ።

ይሄኔ ዋርሳዬ ደረሰች። ዋርሳዬ የሚስቴ ታናሽ እህት ናት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች፣ እኔን መጎንተል ደግሞ የትርፍ ሰዓት ሥራዋ ነው። አንገቷን አቅንታ ብሎኖቹን አየች።

«ጋሼ መስታወት፣ እነዚህን አንተ ነህ ያለበስካቸው?»

«ታዲያ ፀሐይ ነች?»

«ደረቅ ብረት ናቸው?»

«ከአንቺ ፈተና የደረቁ።»

«አሲድ ውስጥ ብዙ ቆዩ?»

«እስኪጠግቡ!»

አልሳቀችም። «ከገንዳው ሲወጡ ጋገርካቸው?»

ደረጃው ሙሉ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። «ስሟት! ብሎን እንደ ዳቦ ይጋገር ትላለች! ለእማማ ከማርማላታ ጋር እናቅርበው?»

«ሳቅ» አለች። «ግን አሸዋው ምሳ እስክንበላ ድረስ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ምንም የሚጎዳህ ነገር የለም።»

«ጠዋት የቻለ ብረት ከሰዓት ይደክመዋል? አርጅቶ?»

«አዎ» አለች፤ በአንዲት ቃል።

እኔ ልከራከር አፌን ስከፍት አማቴ፣ «ሾርባው ይቀዘቅዛል፤ እኔም በባዶ ሆዴ አልሄድም» ብለው ገቡ። እሳቸው ከገቡ ማን ይቀራል? በሩን ክፍት ትተን ማዕድ ቀረብን።

ሩዙን በሾርባ አርሼ፣ አንዴ ለአንድ ባለሥልጣን ስላለበስኩት ቧንቧ እየተረኩ፣ ማንኪያዬ አፌ ሳይደርስ ነው። *ጧ!*

ሽጉጥ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ደረጃውን እየመታ፣ ቅጭል ቅጭል እያለ፣ አራቱን ፎቅ ሁሉ ሲወርድ ተሰማ። ሁላችንም በተቀመጥንበት ቀረን። ማንም ሳይንቀሳቀስ ሁለተኛው ጮኸ። *ጧ!*

ሮጠን ወጣን። ወንበሩ ጠማማ ሆኖ በሁለት ብሎን ብቻ ተንጠልጥሏል። ማንም አልነካውም። ንፋስ የለም። ነገሩ ሁሉ እንደተውነው ነው፤ አሸዋው እንኳ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ወንድሜ ዊንቹን ይዞ፣ ጭነቱን በቀስታ፣ እንደተኛ ሕፃን መሬት አስቀመጠው። ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠብ ነበር።

እኔ አማቴን አየኋቸው። ያንን ወንበር አዩ፣ ጫማቸውን አዩ። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ተውት» አሉ። «ፊት ማየት ይቅርብኝ።»

እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ የምኖር ሰው ነኝ፣ ይህቺ ቃል ግን ከውስጤ አንድ ነገር ነቀለች።

ምድር ቤት ወርጄ የብሎኑን ራስ አነሳሁ። ኒኬሉ አሁንም ያበራል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ እንደዚያ ውብ ሆኖ የተሰበረ ብሎን በታሪክ የለም። ዋርሳዬ ከእጄ ወሰደችና ስብራቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«እየው። ሲሳብ፣ ሲቀጥን ቆይቶ የተበጠሰ ይመስላል?»

አይመስልም። የተሰበረበት ገጽ እንደ ስኳር ድንጋይ ብልጭ ብልጭ ይላል። እንደ ብርጭቆ ነው የተለያየው።

«ጣትህን በምራቅህ አርሰህ ንካው» አለችኝ።

«ትንሽ ቀልድ ቀረሽ?»

«ንካው።»

ነካሁት። ስብራቱ ላይ ስስ እርጥበት ቀረ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከድፍኑ ብረት ውስጥ አንዲት ነጥብ ብቅ አለች። ከአጠገቧ ሌላ። ከዚያ ሌላ። የመርፌ ጫፍ የማያህሉ አረፋዎች እየተወለዱ፣ እያበጡ፣ እየፈነዱ፣ በቦታቸው ሌላ እየተተካ፣ የስብራቱ ገጽ ነጭ ሆነ። ብረቱ አረፋ ደፈቀ! አማቴ ክር ሲያስገቡ የሚያጠልቁትን ማጉያ መነጽር ከደረጃው አናት ሆነው ላኩልን፤ በእሱ ሳየው ጉድ አየሁ። ንፋስ የማያስገባ፣ ውሃ የማያሳልፍ፣ መዶሻ የማይበግረው ብረት ይተነፍሳል።

እጄ አፌ ላይ ቀረ። «ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ያ ከገንዳህ የሚነሳው አረፋ ነው» አለች። «የቀረው ክፍሉ። ውስጥ የገባው።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ወንድሜም መጣ፣ ከላያችን ቆመ። ዋርሳዬ እንደዚያን ቀን ስታስተምር ሰምቻት አላውቅም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፣ የሆነ ሰው የተኛ ይመስል።

«ሃይድሮጂን ከነገሮች ሁሉ ትንሹ ነው። አንድ ፖዘቲቭ እምብርት አለው፣ በዙሪያው አንድ ኔጋቲቭ ኤሌክትሮን። ሌላ ንብረት የለውም። ያቺን አንዷን ሲነጠቅስ ምን ይቀረዋል?»

«እምብርቱ» አለ ወንድሜ።

«እምብርቱ ብቻ፤ ራቁቱን። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ታውቃላችሁ? አቶሙ ስታዲየም ቢያህል፣ እምብርቱ መሃል ሜዳ ላይ የወደቀች የስንዴ ፍሬ ናት። ኤሌክትሮኑ ሲሄድ ስታዲየሙ ይጠፋል፣ ፍሬዋ ትቀራለች። ያቺ ፍሬ ናት አሲድ። ሎሚን ሎሚ የሚያደርገው፣ የአንተን ገንዳ ዝገት የሚያስበላው እሱ ነው። ብቻውን መቆም ስለማይችል ውሃውን ይጠጋል፣ የሚነጥቀው ኤሌክትሮን ፍለጋ ይዞራል።»

«እኔ ደግሞ ብረቱን ኔጋቲቭ ላይ አንጠልጥዬ...» አልኩ።

«ጠራኸው። ኒኬሉን ብቻ የጠራህ መስሎህ እሱንም ጠራኸው። ብረቱ ላይ ሲደርስ ኤሌክትሮኑን ያገኛል፣ እንደገና ሙሉ ይሆናል። አብዛኞቹ እዚያው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይነሳሉ፤ አረፋው እነሱ ናቸው። ጥንድ ያላገኘው ግን ትንሽ ነው፣ ብቻውን ነው፣ በሩ ክፍት ነው። በብረቱ አቶሞች መሃል ሹልክ ብሎ ይገባል።»

«ብረት ውስጥ?»

«ብረት ውስጥ። ይዞራል እዚያ። ለስላሳ ብረት ከሆነ ብዙም አይጎዳውም። ደረቅ ብረት ተወጥሮ ሲታሠር ግን ወደተወጠረው ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ቀስ እያሉ፣ ከየጥጉ። ለዚህ ነው ጠዋት የቻለው በምሳ ሰዓት የተሰበረው። እኛ ሾርባ ስንጠጣ እነሱ እየተጓዙ ነበር።»

ይህን ስትል የብሎኑን ራስ ከእጇ መልሼ ወሰድኩና አገላበጥኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ብረትን አውቀዋለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ከላይ ከላይ፣ ቆዳውን። ለካ ውስጡ አገር አለ። ለካ ገንዳዬ ውስጥ በየቀኑ፣ እኔ ሬዲዮ እየሰማሁ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ በር አንኳኩቶ ሲገባ ነበር። ደግሞስ የማን ገንዳ ነው እንዲህ ያለ እንግዳ የሚያስተናግድ? የእኔ ነዋ!

«ይወጣል?» አለ ወንድሜ።

«ይወጣል። ሳይውል ሳያድር፣ ጉዳት ሳያደርስ፣ ዳቦ በሚጋገርበት ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቢሞቅ በገባበት ይወጣል። ግን እነዚህ አይሆኑም፤ ውስጣቸው ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ሌሎች ያስፈልጋሉ። አሲዱም እንዲህ አይቆይም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥቁሩን ኒኬል ሳታለብሱ እንዳለ ብትጠቀሙበት ይሻላል።»

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። «ጥቁሩን።»

ወደ አማቴ ወጥቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። መስኮቱ ሥር ተመልሰዋል፤ ወንበራቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዙረውታል።

«ጥቁሩም ቢሆን አልወርድበትም» አሉ። «ያቺን ብረት ሰምቻታለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ያ አረፋ የምትሉት ነገር ግን፣ እውነት እንደገባ ይወጣል?»

«ልጅዎ ናት ያለችው።»

«ገብቶ ከወጣ ነገሩ ታውቋል ማለት ነው። የማላውቀውን ጥቁር ብረት ከማምን፣ የታወቀውን አምናለሁ። አንተ አልብሰህ ሥራው፤ ጋግረው። ከዚያ አያለሁ። እወርዳለሁ አላልኩም። አያለሁ ነው ያልኩት።»

ዋርሳዬ ልትቃወም አፏን ከፍታ ዘጋችው። እናቷን ታውቃለች።

ወንድሜ ከሣጥኑ ሌሎች ብሎኖች አወጣ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በአሸዋ ወረቀት፣ በእጄ፣ ጥፍሬ እስኪደማ ፈተግኩት። አሲዱን ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብቻ አስነካኋቸው። ኒኬሉ ውስጥ ሳንጠለጥላቸው ገንዳው አፍ ላይ ተደፍቼ አረፋውን አየሁት። ያው የማውቀው አረፋ ነው። ግን አሁን የሚነሳውን ሳይሆን የማይነሳውን ነበር የምፈልገው፤ ጥንድ ያጣውን፣ ዝም ብሎ የገባውን። አይታይም። አይሸትም። አይሰማም። ጎምዛዛው የገንዳ ትነት ዓይኔን እያስለቀሰኝ (ትነቱ ነው እንጂ እኔ አላለቀስኩም) ቆምኩ።

ከገንዳው እንደወጡ ሮጬ ሚስቴ ኦቨን ውስጥ ከተትኳቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሚስቴ።

«ብሎን እየጋገርኩ ነው።»

«ኬኬን የት ልጋግር?»

«እናትሽን ልታወርጂ ነው ወይስ ኬክ ልትበዪ?»

ሚስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ኦቨኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጎረቤቶቹም መጡ። ዋርሳዬ ግራ ቀኙን አስረድታ ሄዳለችና የማስረዳቱ ተራ የእኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳስረዳ ስታዲየሙ ሦስት ስታዲየም፣ የስንዴ ፍሬዋ የጤፍ ፍሬ ሆነች። ሁላችንም በመስታወቱ ውስጥ ፀጥ ብለው የተደረደሩትን ብሎኖች አፍጥጠን አየን። ምንም አይታይም ነበር። ያንን ምንም ደግሞ ማንም ትቶት መነሳት አልቻለም። አንዷ ጎረቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁን እየወጣ ነው?» አለችኝ። «እየወጣ ነው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ እንደገና ኦቨኑ ላይ አፈጠጥን።

ወንድሜ የቀደመውን ጭነት በአዲሶቹ ብሎኖች ሰቀለ። ዋርሳዬ ሳምንቱን ሙሉ ይቆይ አለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ቆየ። ከሥራ ስወጣ ሁሌ እዚያ እየሄድኩ ከሥሩ ሆኜ ጆሮዬን እተክል ነበር። የውሃ ቱቦ ሲንኳኳ ልቤ ቀጥ ይላል፤ በር ሲዘጋ ልቤ ቀጥ ይላል። ብሎኖቹ ግን ዝም አሉ።

እሑድ መጣ። አማቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። ኮት አልለበሱም።

«አሸዋ ሰው አይደለም» አሉ። «ነፍስ የለውም፣ አይፈራም። አንተ ተቀመጥበት።»

«እኔ?»

«አንተ። የሠራኸው አንተ አይደለህም? እኛ ምሳ በልተን እስክንጨርስ እዚያ ተንጠልጠል። ያኔም ምሳ ላይ ነው የተሰበረው።»

ዋርሳዬ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ወንድሜ ቀበቶውን ከፈተ። ተቀመጥኩ። ወንበሩን ባዶው ላይ ገፋው፣ ፍሬኑን ቆለፈ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ ገባ። በሩን ክፍት ተዉት፤ ምሳው ይሸተኝ ዘንድ መሆን አለበት።

ከእግሬ በታች አራት ፎቅ ባዶ። ከራሴ በላይ አራት ብሎን።

አሁን ሳወራው ብዙ ሰው፣ «ፈራህ?» ይለኛል። እንደ እኔ ያለ ደፋር በዚህ ዓለም አልተፈጠረም፤ ቢሆንም ቀበቶውን ሦስት ጊዜ አጠበቅኩት። ወደ ላይ አየሁ። አራቱ ብሎኖች ውስጥ አራት ትናንሽ እኔዎች ተንጠልጥለው ወደ ታች ያዩኛል። ያበራሉ። ከዚህ በፊት ማብራታቸውን ብቻ አይ ነበር። አሁን ከማብራታቸው በስተጀርባ ያለውን አሰብኩ። ገብቶ የወጣውን። ምናልባት አንድ ሁለቱ ቀርተው ይሆን? በአቶሞቹ መሃል እየዞሩ፣ መውጫውን እየፈለጉ?

ከቤት ውስጥ ማንኪያ ይንኳኳል። የሾርባው ሽታ መጣና ሆዴ ጮኸ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ዋርሳዬ ነግራኝ ነበር። ሆዴ ውስጥ ያለው አሲድም እሱ ነው። ያው ራቁቱን የቀረው፣ ያው የስንዴ ፍሬ። የጨጓራዬ ግድግዳ ራሱ፣ እኔ ሳላዘው፣ በዚህች ሰዓት እያንዳንዱን እየገፋ ያስገባዋል፤ ምግብ ሊመጣ ነው ብሎ። የምጠጣው ውሃ ውስጥ አለ። ከግንባሬ የሚወርደው ላብ ውስጥ አለ። ፀሐይም ብትሆን የምትነደው በእሱ ነው ብላኛለች፤ በዓለም ካለው ነገር ሁሉ የሚበዛው እሱ ነው። እኔ እንግዲህ ራሴን ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ ስኖር፣ ከትንሹ ነገር ተሠርቼ፣ በትንሹ ነገር ተከብቤ፣ ትንሹ ነገር ፈቅዶልኝ ነበር የተንጠለጠልኩት።

ለማን እንደምናገረው አላውቅም ነበርና ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያን ቀን አየሁት። ሰፊ ነው።

የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። አማቴ ብቻቸውን ወጥተው የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። ለብዙ ጊዜ አዩኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እሳቸው እዚያ፣ እኔ አየር ላይ።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ።

«ምንም እማማ።»

«አፍህ አላወራም።»

«አዎ እማማ።»

«ከሠርግህ ቀን ጀምሮ ዝም ብለህ አላየሁህም።» ወደ ብሎኖቹ ቀና አሉ፣ ከዚያ እንደገና ወደ እኔ። «አንተን ዝም ያሰኘ ነገር እኔንም ይሸከማል። በል ውረድልኝ፤ ተራው የእኔ ነው።» ወደ ቤት ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ኮቴን አምጡ!»

ወንድሜ ወንበሩን ወደ ደረጃው ስቦ አወጣኝና ዊንቹን ያዘ። ዋርሳዬ የእናቷን ቀበቶ ደጋግማ ሳበችው። ሚስቴ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። እኔ ደረጃውን ሮጬ ወርጄ ምድር ቤት ጠበቅኳቸው። ከላይ ጫማቸው ታየኝ፣ ቀጥሎ የኮታቸው ጫፍ፣ ቀስ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ። በየፎቁ ጎረቤት ከደጁ ወጥቶ ቆሟል፤ ማንም አላጨበጨበም። እንደ እሳቸው ፀጥ ያለ አወራረድ የሚወርደው ብርሃን ብቻ ነው። (ይህ የተጋነነ አይደለም።)

እግራቸው ሲሚንቶውን ነካ። ክንዴን ይዘው ተነሱ፣ ምርኩዛቸውን ተቀበሉኝ፣ ዝግ ብለው እስከ መንገዱ በር ሄዱ። ዋርሳዬ ከኋላቸው ደረሰች። ከወዲያ አንድ ሰው ቦርሳውን ይዞ እየመጣ ነበር። አማቴ በዓይናቸው ተቀበሉት፤ ዓይናቸውን ከፊቱ ላይ አልነቀሉም። ሰውየው ግራ ገባው፤ የሚያውቁት መስሎት ባርኔጣውን አንስቶ፣ «ጤና ይስጥልኝ እማማ» ብሎ አለፈ።

«አየሽው?» አሉ ልጃቸውን በክርናቸው ጎሽመው። «አፍንጫው ጠማማ ነው! ከላይ እኮ ይሄ ሁሉ አይታይም።»

ወንድሜ ከአራተኛ ፎቅ አንገቱን አስግጎ ጮኸ፤ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «ላውጣቸው?»

አማቴ ወደ ኋላ አልዞሩም። ሌላ ሰው እየመጣ ነበር።

«ገና ነው በሉት» አሉ።